ሽንቴ በእንቅልፌ ሲያመልጠኝ

ሕመም መሆኑን መጀመሪያ ያወቅሁት በአክስቴ ልጅ ሠርግ ማግስት ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከየመንደሩ የመጣነውን ልጆች በአንድ ሰፊ ቁርበት ላይ ደርድረው አስተኙን። ጠዋት ስነሳ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። እንደ ሁልጊዜው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቤታችን ውስጥ ከእኔ በታች ያሉት ሕፃናት ስለነበሩ፣ ልጅ ሁሉ እንደዚያ የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ግራና ቀኜን አየሁ። ደረቅ ናቸው። ከእኔ የሚያንሱት እንኳ ደረቅ ናቸው። አንዱ አፍንጫውን ይዞ ሣቀ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ የምማረውም ጂንካ ነው። «ሽንት» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይኸው ጻፍኩት፤ ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ፤ ልጃቸው እንደ እኔ የሆነባቸው እናቶችና እንደ እኔ የሆኑ ልጆች ያንብቡት።

በእኛ አካባቢ በምሽት እሳት የነካካ ልጅ ተኝቶ ይሸናል ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተደረገልኝ ሕክምና ከእሳት መራቅ ነበር። ማገዶ መማገዱ ታናሽ እህቴ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን ጭሱ ሲያስለቅሳት፣ «እኔም ልሽና እንዴ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ ሣቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ቀጥሎ አባቴ በአቅራቢያችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰደኝ። ድሬሰሩ ወደ ማታ ውሃ እንድቀንስ መከረን። አባቴ ምክር ሲሰማ አብዝቶ ነው የሚፈጽመው። ማታ ብቻ ሳይሆን ቀንም ከውሃ ተከለከልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ ራሴን ያመኛል። ሽንቴ ጠቆር ያለ ሆነ፤ ስሸና ያቃጥለኝም ጀመር። ሆዴም ደረቀ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ስለ አንዱ አፍሬ ሳልጨርስ ስለ ሌላው እንዴት ላውራ?

እናቴ ደግሞ የመታኝ ብርድ ነው ብላ ታምን ነበር። እኛ አሪዎች የቡናውን ፍሬ ገበያ እናወጣዋለን፤ ራት ላይ ከጎደሬ ጋር የምንጠጣው ቅጠሉን አፍልተን ነው። እናቴ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ጨምራ ታፈላውና ለሌላው አንድ አንድ ቅል፣ ለእኔ ግን ሁለት ትቀዳልኛለች፤ ሆድሽን ያሞቀዋል እያለች። ቀኑን ሙሉ ተጠምቼ ስለምውል ጥርግ አድርጌ እጠጣዋለሁ። በቤታችን ያንን መጠጥ ከውሃ የሚቆጥረው አልነበረም። እሱ ምግብ ነው፤ ለእኔ ደግሞ መድኃኒት።

እንዲህ እያልኩ ስድስተኛ ክፍል ደረስኩ፤ ሚኒስትሪ ተፈትኜ አለፍኩ። ከመንደራችን ሴቶች ያለፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ውጤቴን ለቀበሌው ሰው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ከዚያ ግን ዝም አለ። ሰባተኛ ክፍል ያለው ጂንካ ነው። ጂንካ የሚማር የገጠር ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ አንድ ላይ አብስሎ፣ አንድ ላይ ነው የሚተኛው። አባቴ ዝም ያለው ይህን አስቦ ነው። እኔም አስቤዋለሁ።

ሆኖም ሄድኩ። ከሌላ መንደር ከመጡት ከብርቱካንና ከታደለች ጋር በእትዬ አበበች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። እትዬ አበበች ከደጋ አገር የመጡ፣ ጨውና ላምባ የሚነግዱ ሴት ናቸው። በክፍሏ ውስጥ አንድ መደብ፣ በመደቡ ላይ የእሳቸው ቁርበት አለ። ለሦስታችን ያው ነው። ራታችንም እንደ ቤታችን ጎደሬና የቡና ቅጠል ነበር፤ የእኔ ሁለት ቅልም አልቀረም።

ጀርባዬን ያመኛል ብዬ መሬት ላይ በጆንያ ለመተኛት ሞከርኩ። ታደለች፣ ጀርባሽን ካመመሽማ መሬቱ ይብስብሻል ብላ ጎትታ መደቡ ላይ አወጣችኝ። ደግ መሆኗ ነው። ስለዚህ እንቅልፌን መከልከል ጀመርኩ። በክፍል ውስጥ ስለማንቀላፋ የሒሳብ መምህራችን ስሜን ትቶ «እንቅልፍ» ይለኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ግን ሆነ።

ቁርበቱ ርሷል። የታደለች ቀሚስም ርሷል። ብርቱካን መጀመሪያ ጣሪያውን አየች፤ ቀጥላ እኔን።

«ሌሊት ዘንቦ ነበር እንዴ? ጣሪያችን ደግሞ የሚያፈሰው በአንቺ በኩል ብቻ ነው?»

ያን ዕለት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ቁርበቱን አጥቤ ደጅ ዘረጋሁት። ጂንካ ግን በዚያ ወር ፀሐይ የላትም። ሳይደርቅ ሌላ ጠዋት መጣ። እንደገና ሆነ። ከዚያም እንደገና።

እትዬ አበበች ሽታው ደረሳቸው። ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ ጠልቼሽ አይደለም። ቁርበቱም ቤቱም የእኔ ነው፤ እነዚህም ልጆች የሰው አደራ ናቸው። ወይ ታከሚ፣ ወይ እናትሽ ጋ ሂጂ።»

ቅዳሜ እናትና አባቴ ጎደሬ ተሸክመው ገበያ መጡ። እትዬ አበበች ለአባቴ ነገሩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። ልብሷን ትጠቅልልና እንሂድ፣ ትምህርቱ ይቅር አለ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልብሴን መጠቅለል ጀመርኩ።

እናቴ ጥቅሉን ከእጄ ወሰደችው። እስከ ሰኞ ከእኔ ጋር እንደምትቆይ፣ ሐኪም ካላየኝ ደግሞ ወደ ቤት እንደማልመለስ ለአባቴ ነገረችው። እናቴ አማርኛ አትችልም፤ ሆስፒታል ገብታም አታውቅም። አባቴ ብቻውን ተመለሰ።

ሰኞ ሄድን። አውሮፕላን ማረፊያው መሐል ከተማ ያለ የሣር ሜዳ ስለሆነ ማቋረጥ ነበረብን፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ኖሮ ከብቶቹ ከሜዳው እስኪባረሩ ቆመን ጠበቅን። በልቤ፣ ምነው ሳያርፍ ቢውል፣ እኛም እዚሁ ቆመን በቀረን እል ነበር።

ዶክተሩ ወጣት ነው። የመጣንበትን ሲጠይቀን እኔ ነኝ የምናገረው፤ ሌላ አስተርጓሚ የለም። እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ለእናቴ በአሪኛ እነግራታለሁ፣ የእሷን መልስ ደግሞ በአማርኛ እመልሳለሁ። የራሴን ጉድ የማስተረጉመው ራሴ ነኝ። ከስንት ዓመቷ ጀምሮ ነው? ደርቃ የሰነበተችበት ጊዜ አለ? ቀን ያመልጣታል? ስትሸና ያቃጥላታል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እናቴን ሳልጠይቃት አዎ አልኩ።

ሽንትና ሰገራ ለላቦራቶሪ ታዘዘ። በእንቅልፌ ሳልጠራው የሚመጣው ሽንት፣ ጠርሙስ ሲሰጡኝ እምቢ አለ። እናቴ የሠራተኞቹን ውሃ በምልክት ለምና እስክታጠጣኝ ድረስ አልመጣም።

ውጤቱ ሲመጣ ስኳር የለብኝም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ተገኘ። ዶክተሩ ሆዴን ጫን ጫን እያደረገ ድርቀቱን አገኘው። ከዚያ ማታ ምን እንደምጠጣ ጠየቀ። እናቴ ኮራ ብላ፣ ድሬሰሩ ከነገረን ጀምሮ ጠብታ ውሃ አትቀምስም አለች። ተረጎምኩ።

«ራትስ በምን ትበላለች?»

ጎደሬ፣ ከቡና ቅጠል ጋር። ስንት? ለእሷ ሁለት ቅል፣ ብርዱን እንዲያወጣላት።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይሥቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሣቀም። ቅጠሉም እንደ ፍሬው ሽንትን እንደሚያነሣሣ፣ ቀን መጠማቴ ደግሞ ሆዴን እንዳደረቀውና የደረቀው ሆድ ፊኛዬን እንደሚጫነው በእጁ እያሳየ አስረዳን። እናቴ ስትሰማኝ ቆየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። በገዛ እጄ አለች። ይህን አልተረጎምኩትም።

ከዚያ ዶክተሩ፣ በቤተሰቡ ውስጥ እንደ እሷ የነበረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ጠየቅኋት። እናቴ መሬት መሬት አየች።

«እኔም እንደዚህ ነበርኩ በይው። ጡቴ እስኪያጎጠጉጥ ድረስ። ከዚያ በራሱ ተወኝ።»

ዶክተሩ ጠበቀ። እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ ንገሪው እንጂ። ነገርኩት።

«ይህ ኢኑሬሲስ ይባላል» አለ ዶክተሩ፤ «ብዙ ጊዜ ከወላጅ ይወረሳል፤ አብዛኛው ልጅም እያደገ ሲሄድ ይተወዋል። ስንፍና አይደለም። የሰነፍ በሽታ ቢሆንማ ሚኒስትሪ ባላለፈች።»

ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት መጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ስንወጣ፣ ለምን ቀድማ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። እንዲህ ያለ ነገር በዘር ነው ከተባለ የሚያገባሽ ሰው ይጠፋል ብዬ ፈራሁ አለችኝ። ለእኔ ብላ ደብቃው፣ እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ኖርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለም ቢሆን ወደ መልካም የሚሄድ ነው። ለኢንፌክሽኑ የታዘዘልኝን ክኒን እስኪያልቅ ዋጥኩ፤ ማቃጠሉ ተወኝ። ቀን በደንብ ውሃ እንድጠጣ፣ ከቀትር በኋላ የቡና ቅጠልም ሻይም እንዳልቀምስ፣ ወደ ማታ ውሃውን እንድቀንስ፣ በየእረፍቱ እንድሸና፣ ከመተኛቴ በፊት ሸንቼ ጥቂት ቆይቼ እንደገና እንድሸና ታዘዝኩ። ለሆዴ ድርቀት ፓፓያና ጎመን ብዪ ተባልኩ፤ ጂንካ ደግሞ በፓፓያ አትታማም። እትዬ አበበች ሐኪም እንዳየኝ ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ አጥበው ቁርበቱ ላይ ዘረጉልኝ፣ አሮጌ አቡጀዲም ደረቡበት።

ያልተናገርኩት አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ከሙዙ ጀርባ ነው። ከመሸ በኋላ ጅቡን ስለምፈራ ሽንቴን ይዤ ነበር የምተኛው። ይህን ለመናገር ሌላውን ሁሉ መናገር አለብኝ። እናቴ ወደ መንደር በተመለሰችበት ቀን ሁለቱን ጓደኞቼን አስቀምጬ ኢኑሬሲስ ምን እንደሆነ፣ ዶክተሩ ያለውንም ሁሉ ነገርኳቸው። ታደለች እጄን ያዘች። ብርቱካን ግን፣ «ታዲያ ስሙ እንዲህ የሚያምር በሽታ እያለሽ ጀርባዬን ነው ትያለሽ?» አለችኝ። ሦስታችንም ሣቅን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩራዝ የምትይዘው ብርቱካን ሆነች። ከመተኛታችን በፊት በሩ ላይ እንደ ካድሬ ቆማ፣ «ጓዶች፣ ወደ ግንባር!» ትላለች፤ ከኋላዋ ተሰልፈን በሙዙ መሐል እንሄዳለን። ትንሽ አጥንተን ደግሞ እንደገና እንሰለፋለን። እትዬ አበበች በመስኮት ብቅ ብለው፣ እናንተ ልጆች፣ የሚሰማ አለ፣ በዚህ አትቀልዱ ይሉናል፤ ግን እሳቸውም እየሣቁ ነው።

ደረቅ ጠዋት አንዴ መጣ፤ ከዚያ ሸሸ፤ ከዚያ ተመላልሶ መምጣት ጀመረ። እርጥብ ስነሳ አቡጀዲውን አጥባለሁ፣ ላስቲኩን እወለውላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ማንም አይናገረኝም፤ እኔም ራሴን አልሳደብም። ቀድሞ የማላውቀው ይህ ነበር፤ ረጥቦ መነሣትና ተስፋ መቁረጥ አንድ ላይ የተሰፉ ይመስሉኝ ነበር።

ለእረፍት መንደር ስሄድ ትልቁ ፈተና ገጠመኝ። በእኛ ዘንድ ጎረቤት በምሽት የቡና ቅጠል ቀድቶ ሲሰጥ እምቢ ማለት ሰውየውን መናቅ ነው። አክስቴ ቅሉን ስትዘረጋልኝ እጄን ሰበሰብኩ። ጂንካ ገብታ የእኛን ናቀች አለች። እናቴ ተነሥታ ቅሉን ተቀበለች። የእሷን ድርሻ እኔ እጠጣላታለሁ፣ ሐኪም ከልክሏታል፣ እኔም በልጅነቴ እንደ እሷ ነበርኩ ብላ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። ጠጣችው። የራሷንም ደገመች። የሣቀ አልነበረም። ከጥግ ያለች አንዲት ሴት ብቻ ልጇን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች፤ በነጋታውም እናቴ ዘንድ መጥታ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀቻት።

ስምንተኛ ክፍል ሳልገባ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተወኝ። በዚያው ቤት፣ በዚያው መደብ ላይ ሆኜ ተማርኩ።

ለዶክተሩ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለእትዬ አበበች፣ ለታደለች፣ ከሁሉ ይልቅ ለብርቱካንና ለኩራዟ። ለአባቴም፤ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ፈተናዬ ነው። ለእናቴ ግን ምስጋና የሚለው ቃል ያንሳል።

እናቶች ሆይ፣ አትምቱ፣ በሰው ፊትም አታሳፍሩ፤ ልጁ ተኝቶ ነው። ውሃ በቀን አትከልክሉ። ምግብ ነው፣ መድኃኒት ነው የምትሉትንም ሁሉ ለሐኪሙ ተናገሩ። የሚያቃጥለው፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ ወይም ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረው ልጅ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት። እናንተም በልጅነታችሁ እንደዚያ ከነበራችሁ፣ ዛሬውኑ ንገሩት።

አንቺ ደግሞ፣ እርጥብ ቀሚስሽን ደብቀሽ ይህን የምታነቢው፣ ደረቅ ጠዋት ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ታጠቢና ትምህርት ቤት ሂጂ።