አክስቴ ቅጠል መቁረጥ የተዉ ጊዜ

አክስቴ ቁስል ያደርቁ ነበር። ደሃና ወረዳ፣ ከመኪና መንገድ ወርደን በእግር በምንደርስበት መንደር፣ እግሩን ምሳር የመታው፣ እሳት የፈጀው ሁሉ መጥቶ ደጃቸው ይቀመጣል። እሳቸውም ጥሬ ቅጠል በድንጋይ ደቁሰው ያስሩለታል። የቅጠሉን ስም ለማንም አይናገሩም፤ ከተጠራ ይረክሳል ባይ ናቸው። የሚቆርጡትም ራሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ለሰላምታ እንኳ አፋቸውን ሳይከፍቱ። ልጆች ሆነን "እትዬ ዛሬም አኩርፈዋል" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ልጃቸው ግን አይስቅም። "የቅጠል በጣሽ ልጅ" እየተባለ ነው ያደገው፤ ዐረብ አገር ሲሄድም ይህንኑ ፊታቸው ላይ ተናግሮ ሄደ። ይደውላል፣ ጤናቸውን ይጠይቃል፤ ስለ ቅጠሉ ግን ትንፍሽ አይልም። እትዬን ውስጥ ውስጡን የሚበላቸው ይህ ነበር።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ መጥታ ቅጠሉ ጀርም ይገድል እንደሆነ በላብራቶሪ ልፈትነው ስትል፣ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። እኔ ሰቆጣ አስተምራለሁ፤ መንገድ መሪም አስተርጓሚም ሆኜ አብሬያት ነበርኩ፤ እትዬ ኽምጣኛቸውን ትተው አማርኛ የሚናገሩት ሲቸግራቸው ነው። ልጅቷ ትሁት ናት። ራሷ ብትቆርጠው እንደሚሻል ነገረቻቸው። "እሱስ አይሆንም፤ እኔው አመጣልሻለሁ" አሉ። ወጋቸውን አክብራ እሺ አለች። በማግስቱ በንጹሕ ነጠላ ቋጥረው ሰጧት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለውም "አሁን ልጄ ይሰማል" አሉኝ።

ከወራት በኋላ ልጅቷ ደወለችልኝ። ቅጠሉ ጀርሙን ምንም አላደረገውም። "ባመጣሁት ናሙና ያየነው ይኸው ነው፤ እንድገመው" አለች። "እንድገመው" ያለችውን አጥብቄ ነበር የተረጎምኩላቸው። እትዬ ግን የያዙት "ምንም" የሚለውን ብቻ ነው።

የዐቢይ ጾም ቅበላ ደረሰ። ሰው ሁሉ ይቅር በሚባባልበት በዚያ ሰሞን፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ያከሟቸውን ሰዎች ቤት ይዞሩ ጀመር። "አታልዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" ይላሉ። አንድ ጎረቤታቸው ሱሪውን ሰብስቦ ቅልጥሙን እያሳያቸው "እትዬ፣ ይሄ ታዲያ በምን ዳነ?" ቢላቸው፣ "እሱ የእግዜር ሥራ ነው፤ የእኔ አልነበረም" ብለውት ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ይህን ያወራልኝ ራሱ ጎረቤቱ ነው።

ነገሩ የገባኝ በፋሲካ ነው። ከከተማ አንድ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩና፣ ለእሱ የሚቀርበውን ኩባያ በፈላ ውሃ ሲለቀልቁት አየሁ። "ለእኛስ እንዲህ አድርገው አያውቁም" ብዬ ቀለድኩባቸው።

"ለተማረ ሰው ቆሻሻ ይሰጣል እንዴ? ያኔ ለልጅቷም ቅጠሉን በፈላ ውሃ ነክሬ አጥቤ አይደል የሰጠኋት" አሉ።

ለመንደሩ ሰው ጥሬውን፣ ከነአቧራው ነበር የሚያስሩለት። ለእንግዳ ክብር ሲሉ ቀቀሉት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ያን ዕለት ጎጇቸው ገብቶ ምድጃው ላይ ምን እንደጣዱ ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። ለልጅቷ ብደውልላት፣ የፈላው ውሃ ኃይሉን ገድሎት ሊሆን እንደሚችል፣ ጥሬው ቢመጣላት እንደገና እንደምትፈትነው ነገረችኝ።

ለመንኳቸው። "እትዬ፣ አንዴ ብቻ ይቁረጡ።"

"በሙሉ ልብ ነው የሚቆረጠው። ልቤ ከተጠራጠረ ወዲያ እጄ አይሰምርም። ተወኝ ልጄ።"

"እንግዲያው ያሳዩኝና እኔ ልቁረጠው።"

"ደግሞ አንተን አታላይ ላድርግህ?" አሉ። አክስቴ ባይሆኑ እጮህባቸው ነበር።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ ልጃቸው በእኔ ስልክ ደወለ፤ ስፒከር ላይ አድርጌ ሰጠኋቸው። ለበዓሉ እንኳን አደረሰሽ ሊላቸው ነው። ሥራ ላይ የጋለ ዘይት እጁን አቃጥሎት አልሽር እንዳለው ነገራቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እማዬ፣ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ያቺን ቅጠልሽን ላኪልኝ" አላቸው።

ስንት ዓመት የጠበቁት ቃል ነው። እሺ በሉት፣ እሺ በሉት እያልኩ በልቤ እማልድ ነበር።

"ሐኪም ቤት ሂድ ልጄ፤ የእኔው ምንም አይደለም" አሉት።

ስልኩን መለሱልኝ። በበሩ በኩል ወደ ገደሉ፣ ጎህ ሲቀድ ለቅጠል ይወርዱበት ወደነበረው አቅጣጫ እያዩ፣ "ጠየቀኝ እኮ" አሉኝ።