አባባ ሳይፈርሙት የቀረው ወረቀት

አያቴ አባባ ከሞቱ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያወራል። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድዱኝ ነበር።

ካዛንቺስ ቤታችን ቁጭ ብሎ ስለ ወንጀለኛ «ይሰቀል!» የሚል እንግዳ ካለ፣ «ገመዱን አንተ ትስባለህ?» ይሉታል። ዚምባብዌ የሞት ቅጣት አስቀረች ሲባል፣ ጎል የገባ ይመስል አጨበጨቡ።

ከዛ ወንድሜን ላንቻ ላይ አንዱ ልጅ በጩቤ ገደለው። ሞት ተፈረደበት። በሳምንቱ የገዳዩ አባት ይቅርታ ሊለምን፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በራችን ላይ ተንበረከከ።

«እንዳያስገቡት! ልጁ ይሰቀልልኝ፤ ገመዱንም እኔ እስባለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንደምትስብማ አውቃለሁ» አሉ አባባ። «አንዱን ልጄን ቀበርኩ። አንተን ደግሞ ገዳይ ሆነህ ልይህ?»

ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት። ልጁ ከሞት ፍርዱ እንዲተርፍ የሟች ቤተሰብ የሚፈርምበት የይቅርታ ማመልከቻ ሲመጣ እንደሚፈርሙም ቃል ገቡለት።

«የወንድሜን ደም ሸጡት!» አልኳቸው። ከዛ ወዲያ አላናገርኳቸውም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ «ደህና አደርክ?» ማለታቸውን አልተዉም።

ማመልከቻው የመጣው ከቀብራቸው በኋላ ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ፈራሚው እኔ ነኝ። እስካሁን አልፈረምኩም፤ አልቀደድኩትምም። አባባ እያሉ እምቢ ማለት ቀላል ነበር፣ ምክንያቱም እሺ የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አሁን እኔ እምቢ ካልኩ፣ በቃ፣ እምቢ ነው።