የወይንእሸት ቅቤ

ልብስ ሰፊው አስናቀው በሠላሳ አራት ዓመት ትዳሩ ጓዳ የገባበት ቀን ቢቆጠር ከአሥር አይበልጥም። ያውም ለበግ ማረጃ ቢላ ፍለጋ ነው። ኅዳር ላይ ሚስቱ ወይንእሸት ከሞተች ወዲህ ግን ጓዳው በእሱ እጅ ወደቀ። ጎረቤት የላከለትን እንጀራ ያስቀምጥበታል፣ ሻይ ያፈላበታል። የቀረውን ዕቃ እሷ እንዳስቀመጠችው ትቶታል።

ግንቦት ላይ ሞጣ ያለችው ልጁ ስርጉት በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። አስናቀው ያለበት ቢቸና ድረስ እልልታው በስልክ ተሰማ። በአምስተኛው ቀን ግን አማቹ ስጦታው ደወለ።

«አባባ፣ እህል አልቀምስ አለች። እናቴ ገንፎ ይዛ ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጡቷም ወተት እያጠረው ነው።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

ስጦታው ስልኩን ለስርጉት ሰጣት።

«ስርጉቴ፣ ምን አማረሽ? ምን ይዤልሽ ልምጣ?»

«እማዬ የምትሠራውን ቸኮሌት» አለችና አለቀሰች።

ያን ቸኮሌት ያውቀዋል። ስርጉት ደብረ ማርቆስ ስትማር አንድ ቆርቆሮ ካካዎ ይዛ መጥታ ከእናቷ ጋር ሠርተውት ነበር። ብስኩት ተሰባብሮ በካካዎ ይለወስና እንደ ሙልሙል ተድቦልቡሎ ሲቀዘቅዝ በቢላ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ለበዓል በመጣች ቁጥር ወይንእሸት ሳትሠራላት ቀርታ አታውቅም። እሱ አንድ ቁራጭ እያነሳ «አይ ጣፋጭ ጭቃ» ይል ነበር።

የአሠራሩ ወረቀት ከካካዎው ቆርቆሮ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ። ብስኩት ሁለት እሽግ፣ ካካዎ አራት ማንኪያ፣ ስኳር አንድ ስኒ፣ ወተት ግማሽ ስኒ፣ ቅቤ። የቅቤው ልክ አልተጻፈም። እናትና ልጅ ያውቁታል፤ ለማን ብለው ይጻፉት?

የመጀመሪያው ገና ቅቤ ሳይገባበት አረረ። የካውያን ሙቀት በጣቱ ጫፍ የሚለይ ሰው ድስት አላወቀበትም። ድስቱን በአሸዋ ፈትጎ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ብስኩቱ እስኪለወስ ደረሰና ቅቤ ፍለጋ ቀና ሲል፣ ቆጡ ጥግ ላይ አንዲት ቅል አየ። አፏ በነጭ ፍላኔላ ቁራጭ ታስሯል። ጨርቁ የእሱ ነው። ጥቅምት ላይ ወይንእሸት ሱቁ ድረስ መጥታ «ንጹሕ ቁራጭ ስጠኝ፣ ነጩን» ብላው ቆርጦ ሰጥቷታል። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቃትም።

የእሷ እጅ ያለበት ቅቤ እያለ ከገበያ ምን ያስገዛል? ለልጁ ሊሰስት አልፈለገምና አቅልጦ እስከ ግርጌው ገለበጠው።

ሽታው ወዲያው ተነሣ፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ። ሲቀዘቅዝ ይጠፋል ብሎ ተስፋ አደረገ። በፌስታል ጠቅልሎ፣ መብራት ስለሌለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀመጠው። የወይንእሸት ባልንጀራ የነበረችው ጎረቤቱ ፈንታዬ ከደጅ ተጣራች።

«አያ አስናቀው! ድግስ አለ እንዴ? የዶሮ ወጥ ሽታ መንገድ ላይ ተቀበለኝ።»

«ቸኮሌት ነው።»

«ምን?»

ቆርሶ ሰጣት። አፏ ውስጥ አገላብጣ አገላብጣ ዋጠችና በርጩማው ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። «ኧረ ይኼስ እንቁላሉ ብቻ ነው የቀረው! በርበሬ ነስንስበትና ለማኅበርተኛ አቅርበው። ለጋው ነው እኮ የሚገባበት፣ ጥሬው! የተነጠረ ቅቤ ማን ያስገባል?»

«ቅቤ ቅቤ አይደል?»

«ወንድ!» አለችና እንደገና ሳቀች።

እሱም ሊስቅ ሲል ዓይኗ ባዶዋ ቅል ላይ አረፈ። ሳቋ ተቆረጠ።

«ይህችን ከየት አወረድሃት?»

«ከቆጡ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ፈንታዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ለአራሷ ገንፎ ብላ ያነጠረችው ነው። የስርጉትን ማርገዝ በሰማች ሰሞን፣ እዚሁ አብረን ነው ያነጠርነው። ‹እኔ አልደርስ ይሆናል፣ ቅቤዬ ይድረስላት› አለችኝ። አደራው የኔ ነበር። ዛሬ ነገ ስል…»

አስናቀው ቅሏን አንሥቶ ውስጧን አየ። መልሶ አስቀመጣት።

«ምን ብዬ ልጄ ፊት እቀርባለሁ?»

«ያንኑ ይዘህ ሂድ» አለችው ፈንታዬ። «ባዶ እጅህን ከምትደርስ።»

በማግስቱ ክዳን ባላት ጎድጓዳ ሳህን አድርጎ ተሳፈረ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆመ፤ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጉልበቱ ላይ ያለውን ሳህን አጋለው። መክፈት ፈራ። ሞጣ እስኪደርስ ድረስ ሲናወጥ ይሰማው ነበር።

ስርጉት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ተኝታለች። ጉንጯ ገብቷል። ሳህኑን ተቀብላ ክዳኑን ስታነሣ ቸኮሌቱ ፈርሶ በራሱ ቅቤ ውስጥ ተንሳፍፎ ነበር። አጎንብሳ አሸተተች፤ እንዳጎነበሰች ቀረች።

«የእማዬ ቅቤ ነው» አለች።

የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ቅሏን፣ አደራውን፣ ‹ቅቤዬ ይድረስላት› የተባለውን። እሷ አንድ ቁራሽ አንሥታ አፏ ውስጥ ጨመረች።

«አይጣፍጥም።»

«አውቃለሁ።»

«ጭራሽ አይጣፍጥም፣ አባዬ።» ግን ታኝክ ነበር።

የስጦታው እናት ትኩስ ገንፎ ይዛ ገባች። «ዛሬስ እሺ በይኝ፣ ልጄ።» ስርጉት ገንፎውን ወደ ራሷ ሳበችና ሳህኑ ውስጥ የቀለጠውን ቅቤ መሐሉ ላይ ገለበጠችው። ቡናማ ነበር።

«ኧረ በወላዲቷ! ገንፎ በቸኮሌት?» አለች አማቷ።

ስርጉት አልመለሰችላትም። ጎኑን እየናደች፣ ከመሐል እያጠቀሰች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ በላች። ግማሹ አለቀ። አስናቀው ጣራውን የሚያይ መሰለ።

«ቤት የቀረ አለ፣ አባዬ?»

ውሸት ከአፉ ደርሶ ተመለሰ። «የለም» አላት።

ራሷን ነቀነቀችና ሳህኑ ግርጌ የቀረውን በጣቷ ጠረገች። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ከቅሏ አፍ የፈታትን ነጯን ፍላኔላ ዳሰሳት። ቅቤ ጠጥታ ለስልሳ ነበር፣ ሽታዋም ገና አልለቀቀም። እሷን ግን ለራሱ አስቀራት፤ ከኪሱ አላወጣትም።