ነነዌን የጾሙት ዓሦች

ልጅ እያለሁ በደብረ ብርሃን ከተማ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ የት ነው ብትሉኝ፣ ዳቦ ቤቱን አልጠራላችሁም ነበር። የእትዬ አስካለ ሳሎን ውስጥ ያለውን የዓሣ ገንዳ ነበር የማሳያችሁ። ገንዳው መስታወት ነው፤ ርዝመቱ የልጅ አልጋ ያህላል፤ ውሃው ሕፃን ሊታጠብበት እንደተዘጋጀ ውሃ ለብ ያለ ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ጣታችንን አቆራምዶት ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሰፈሩ ልጆች ቦርሳቸውን በራፍ ላይ ጥለው እየተጋፉ ይገቡና መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ። ዓሦቹ ከወዲያ፣ እኛ ከወዲህ ሆነን እንተያያለን። የጎረቤታችን ልጅ ትርንጎ አፍንጫዋን ሳይቀር መስታወቱ ላይ ደፍጥጣ፣ "እኛ እዚህ ደርቀን እንቅር፣ እናንተ ሶደሬ ገብታችኋል!" ትላቸው ነበር።

እኔ ትውልዴ አንኮበር ነው። ቄሱ አባቴ፣ ከፍ ያለውን ክፍል እንድማር ብለው ደብረ ብርሃን ወደምትኖረው እኅታቸው ወደ እትዬ አስካለ ሲልኩኝ፣ "ጸሎትሽን እንዳታስታጉዪ፣ ጋቢሽንም እንዳትጥዪ" ብለው ነበር የመከሩኝ። እትዬ አስካለ ልጅ አልወለደችም። ባሏ ጋሼ ታፈሰ ዕድሜውን በደሴ መንገድ ላይ የጨረሰ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኔ እቤታቸው በገባሁበት ዓመት ግን መሪ መጨበጥ ቀርቶ ከበር መውጣትም ትቶ ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት፣ ጉም ውስጥ፣ መኪናው ተገልብጦበት ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሞቹ በክራንች መሄድ ትችላለህ ብለውታል። እሱ ክራንቹን ከበሩ ኋላ አቆመና ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠያቂ ሲመጣ የተኛ ይመስላል። እትዬ ምሳ ስታቀርብለት "አስቀምጪው" ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር።

ዓሦቹን ያመጣቸው የድሮ ባልደረባው ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤቱን ዘግቶ ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው ገንዳውን ከነማሞቂያው፣ ከነአየር ፓምፑ፣ ከነተክሉ ተቀብሎ፣ ዓሦቹን በጀሪካን አድርጎ ጋቢና ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ እንዳይበርዳቸው እየሳሳ አምጥቶ ሳሎኑ መሐል አስቀመጠለት። "ታፌ፣ ግድግዳ ከምታይ እነዚህን እይ። ዲስከስ ይባላሉ" አለው። ጋሼ በግድ ዞር ብሎ አያቸው። ክብ ናቸው፤ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ቀይና ሰማያዊ ተዥጎርጉረዋል። ማሕሌት ላይ የቆመ ደብተራ ይመስል ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ዘንበል ዘንበል ይላሉ። ጋሼም፣ "ይሄማ የፍሪሲዮን ዲስክ ነው!" ብሎ ሳቀ፤ ከማርሽ ጋር የሚሠራውን፣ እየተፋተገ የሚያልቀውን የመኪና ክብ ሳህን ማለቱ ነው። እትዬ ከጓዳ ሳቁን ሰምታ ዱቄት እንደነካት ብቅ አለች። ድምፁን የረሳችው ይመስል በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ሹፌር፣ እኔ ረዳት ሆንን። "ረዳት! ውሃ!" ሲለኝ ከምድጃ ትኩስ ውሃ አምጥቼ በባልዲው ከቀዝቃዛው እቀላቅላለሁ፤ ልኩን በክርኔ እፈትሻለሁ። ዲስከስ የሚባል ዓሣ አመለኛ ነው፤ ንጹሕና ሞቅ ያለ ውሃ ቶሎ ቶሎ ካልቀየሩለት ይጠቁራል፣ ያኮርፋል፣ መብል ይተዋል። መብሉ ደግሞ የበሬ ልብ ነበር። ጋሼ ከልኳንዳ እያስመጣ በምላጭ አድቅቆ ይከትፍላቸዋል። እትዬ ይሄ ነገር ፈጽሞ አልዋጥላት አለ። "ሰው ዓሣ ሲበላ አውቃለሁ፤ ዓሣ በሬ ሲበላ ያየሁት አንተ ቤት ነው" ትለዋለች። መብራት በሄደ ጊዜ ግን ከአልጋዋ ላይ የመንዝ ሱፍ ባናዋን ገፍፋ ገንዳውን የምትጠቀልለው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ ዙሪያውን የምታሰልፈው እሷው ነበረች።

ከገና በኋላ ውሃው አረንጓዴ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ መስታወቱን እንደ ጭስ ሸፈነው። ቀጥሎ የተክሎቹን ሰይፍ የመሰለ ቅጠል ጸጉር አበቀለበት። አልጌ የሚለውን ቃል ያኔ አናውቀውም። አንኮበር ምንጭ ሲያረነጉድ "ውሃው ለበሰ" ነው የሚባለው፤ እኔና እትዬም እንደዚያው "ለበሰ" አልን። ጋሼ እጀታውን ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ መስታወቱን በምላጭ ይፍቃል፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ በጣቱ ያብሳል። በማግስቱ ያው ነው። እሱ ግን ዓሦቹ የደከሙ ስለመሰለው የበሬ ልቡን ጨመረላቸው፤ የገንዳውን መብራትም ከጠዋት እስከ መኝታ ሰዓት አበራላቸው። የተረፈው ሥጋ አሸዋው ላይ ይበሰብሳል፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ይጨመርበታል። ለአረንጓዴው ድግስ እየደገሰለት እንደሆነ ያኔ ማንኛችንም አልገባንም።

ዓሦቹ ጥግ ይዘው መጥቆር ሲጀምሩ እኔ ሌላ ነገር ፈራሁ። እነሱ ከሞቱ ጋሼ ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ማታ ማታ አቡነ ዘበሰማያት ከደገምኩ በኋላ፣ አባቴ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ፣ "ጌታ ሆይ፣ የጋሼን ዓሦች አደራ" እል ነበር።

የእትዬ ፍርሃት ግን የኔው ዓይነት አልነበረም። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው መምሬ ኃይሌ ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጥተው፣ ጋሼ እጁን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ከቶ መስቀል ለመሳለም እንኳ ሳይዞር ቀረ። እትዬ ወደ ደጅ ስትሸኛቸው እኔ ጸበሉን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። "አባቴ፣ ዳነልኝ ብዬ ነበር" አለቻቸው። "ለካ ግድግዳውን ነው የለወጠው። ያኛው ጭቃ ነበር፣ ይሄኛው ውሃ ነው። ከቤት አልወጣ፣ ሰው አላይ ካለ ምን ተለየ?" መምሬ፣ "ነነዌ እየገባ ነው። ጾሙም ምህላውም የተሰጠን ለዚህ ነው፤ አንድ ነገር ይታሰብሻል" ብለዋት ሄዱ።

ታሰባት። የነነዌ ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ገንዳው የለም። ባናው ከላይ እስከ ታች ጠቅልሎታል፤ ባናው ላይ ደግሞ የእትዬ መቀነት ዙሪያውን ጥምጥም ብሎ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል። ማሞቂያውና ፓምፑ ከውስጥ ይሠራሉ፤ መብራቱ ጠፍቷል። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ፈጧል።

"አስካለ! ምን ማድረግሽ ነው? ይሞታሉ እኮ!"

"አይሞቱም። ጥላ ያለበት ምንጭ አይለብስም። አንኮበር አድገህ ቢሆን ታውቀው ነበር።"

"መብላቸውስ?"

"ልኳንዳው ተዘግቷል። ደግሞ የነነዌው ንጉሥ ከብቱም ምንም አይቅመስ ብሎ አዋጅ አስነግሯል። ዓሣ ከከብት በምን ይበልጣል?"

ጋሼ መቀነቱን መፍታት ይችል ነበር፤ እጁ ደህና ነው። ነገር ግን ሚስቱ በጾም ቀን የቋጠረችውን መቀነት የሚፈታ ወንድ እንዴት ያለ ወንድ ነው? እጁን እየሰደደ ይመልሰው ነበር። ማምሻውን መምሬ ጎራ ብለው የተጠቀለለውን ገንዳ አዩና ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። "ዮናስ በዓሣ ሆድ ጨለማ ውስጥ ከረመ። ዘንድሮ ተራው የዓሣው ሆነ!" አሉ። ጋሼም ሳይወድ ፈገግ አለ።

ማክሰኞ ጋሼ ባናውን እያየ ዋለ። ጆሮውን አስጠግቶ የፓምፑን ቡልቅ ቡልቅ ያዳምጣል። ይጋደማል፤ ይነሣል። ወደ ግድግዳው ዞሮ ሞከረ፤ እሱም አላስችል አለው። የሚያይ ዓይን አንዴ ከለመደ የሚያየው ነገር ይፈልጋል መሰለኝ። ረቡዕ፣ እኔና እትዬ ነጠላችንን መስቀልያ አጣፍተን ለምህላ ልንወጣ ስንል፣ ከኋላችን፣ "ረዳት! እነዚያን እንጨቶች አቀብዪኝ" አለ። ክራንቹን ማለቱ ነው። እትዬ ዞራ አላየችውም። ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ "ቶሎ በሉ፣ እግዚኦታው ሊጀመር ነው" አለች።

መንገዱ ረጅም አልነበረም፤ እኛ ግን ረጅም ጊዜ ሄድንበት። ጋሼ በየአጥሩ ጥግ እየቆመ ይተነፍሳል። ላቡ በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ሰው እንዳያየው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ማን ይተወዋል? "ታፈሰ! አለህ እንዴ? እኛማ ተዝካርህን በልተን የረሳን መስሎን!" አለው አንድ ሽማግሌ ሹፌር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድንጋይ ላይ። "ተዝካሬን ብትበላማ እንዲህ አትከሳም ነበር" አለው ጋሼ። ሁለቱም በጾም አፋቸው ሳቁ። ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀለት። እኛ ገብተን ስንሰግድ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ስንቆም፣ ጋሼ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር "እግዚኦ መሐረነ" ሲል ድምፁ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር። የሹፌር ድምፅ ነው፤ ሞተር ማሸነፍ የለመደ።

እቤት ተመልሰን በሽሮ ጾማችንን ፈታን። ጋሼ የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን መኪና እንደተሸጠ ሲያወራ፣ ስንቱን ሲያነሣ ሲጥል አመሸ። እትዬ እያዳመጠች በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጋሼ ስለ ዓሦቹ አንድም ጊዜ አልጠየቀም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ መቀነቷን ፈታች። ሦስታችንም ገንዳውን ከበን ቆምን። ባናው ሲነሣ ረግረግ ረግረግ የሚል ሽታ ወጣ። አረንጓዴው ከመስታወቱ ላይ ሟሙቷል፤ በቅጠሎቹ ላይ የነበረው ጸጉርም ቢጫ ሆኖ እንደ ረጠበ ክር አሸዋው ላይ ተኝቷል። ተክሎቹ ገርጥተዋል፤ ግን ቆመዋል። ዓሦቹ ጥግ ላይ ተጠጋግተው በብርሃኑ ደነገጡ፤ ከነሱ አንዱ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሲጠቁር የከረመው፣ በጎኑ ተንሳፍፏል። የጋሼን ፊት ለማየት ፈራሁ። እሱ ግን እጁን ሰዶ ቀስ ብሎ አወጣውና መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። "ፍሪሲዮን ያልቃል" አለ። "መኪናው ግን ይሄዳል። ረዳት፣ ውሃ!"

ከዚያ ወዲያ ዓሦቹ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ሆኑ። ይሄም የእትዬ ሕግ ነው፤ እሷ ለጽድቅ ትበል እንጂ የተረፈ ሥጋ ሲቀንስ አረንጓዴውም አቅም አጣ። መስኮቱ መጋረጃ ለበሰ፤ መብራቱም በጊዜ ይጠፋ ጀመር። አልጌው ጨርሶ አልጠፋም፤ ሕያው ውሃ ባለበት እሱም አይጠፋም። ግን ልኩን አወቀ። ጋሼም ቀስ በቀስ ከገንዳው ፊት የሚቀመጥበትን ሰዓት ለደጀ ሰላሙ ድንጋይ አካፈለው።

እነሆ ዛሬ እኔ ፀሐይ በክረምት ብዙም በማትታይበት ሩቅ አገር እኖራለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ተክሉ የለመለመ፣ ዲስከስ የሚዞርበት ትልቅ ገንዳ አለኝ። መብራቱ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ በጠብታ እለካለሁ፤ አረንጓዴ ሲያስቸግረኝ ስሙንም ዓይነቱንም አውቃለሁ። የሙያው ሰዎች ገንዳውን ለጥቂት ቀናት በጨለማ ሸፍናችሁ ዓሦቹን አትመግቡ ብለው ሲመክሩ ስሰማ ፈገግ እላለሁ። ያኔ ሁሉም ነገር ይጎድለን ነበር፤ ገንዳው ዙሪያ የሚቆም ሰው ግን አይጎድልም። ዛሬ ሁሉ ተሟልቷል። ቤተ ክርስቲያኑ በባቡር የሚኬድበት ነው፤ በረዶው ሲበዛ ቅዳሴውን በስልክ እከታተላለሁ፤ ሲያልቅ ወንበሬን ወደ ገንዳው አዞራለሁ።

እሑድ እሑድ ደብረ ብርሃን እደውላለሁ። እትዬ አርጅታለች፤ ጆሮዋም ደክሟል፤ ድምፄን ስትለይ ግን እንደ ልጅ ትሆናለች። ጋሼን አቅርቢልኝ እላታለሁ። ሞባይሉን ትራሱ ሥር ትቶ ወጥቷል ትለኛለች፤ አንድ ቀን ለቅሶ ነው፣ አንድ ቀን ማኅበር ነው፣ ሌላ ጊዜ ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማው መጠለያ ከሰፈሩት አባወራዎች ጋር ሲጫወት ውሏል። ያ ከሶፋው አልነቃነቅ ያለ ሰው! "ምን ላድርግልሽ ልጄ፣ እቤት አይገኝም እኮ" ትለኛለች፣ ቅሬታ አስመስላ፣ እየኮራች። ከዚያ "አንቺስ? መቼ ብደውል ይመቻል?" ስትለኝ፣ በፈለግሽ ጊዜ እትዬ እላታለሁ። እኔ ሁልጊዜ እቤት ነኝ።