የሮኬት አፍንጫ ይዘን ከጄኔቭ ወደ ኦርሊኮን

5፡30፣ ጄኔቭ (ሰዓቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው)

ገና ጎህ ሲቀድ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ቆሜ ጋሽ መስፍንን እጠብቃለሁ። ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። መጠበቅ አልወድም፣ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አልችልም። በታሪክ ከተመረቅኩ ወራት አልፈዋል፣ እስካሁን ግን የካፌ ሰሃን ነው የማጥበው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን፣ በድሮ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ትንሽ ሙዚየም ለአስጎብኚነት ይፈትነኛል። አስር ደቂቃ አለኝ፤ የላይኛውን አየር ለማጥናት ይተኮሱ ከነበሩት የድሮ ሮኬቶች ስለ አንዱ ለማስረዳት።

ጋሽ መስፍን የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ኦርሊኮን በቶርኖ ሠራተኛነት የሮኬት አፍንጫ፣ ማለትም ሹል ጫፉን፣ ሲሠሩ ኖረዋል። አንዱ ተጭሮ ሲጣል አለቃቸው ለሳቸው ሰጣቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ኮፍያ ይሰቅሉበታል፤ ዛሬ ግን ለፈተናዬ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

መጡ። አፍንጫውን በነጠላ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ አቅፈውታል።

6፡20፣ ሎዛን

ቡና ገዛሁ፣ አምስት ፍራንክ፣ ያውም ለብ ያለ። ሐይቁ ቆንጆ ነው፣ ለማየት ግን ጊዜ የለኝም። ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሮኬት" አሉ ጋሽ መስፍን።

"የአበባ ማስቀመጫ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

እኔን አየ፣ ነጠላውን አየ። "ለሦስታችሁም መልካም ጉዞ" ብሎ አለፈ።

7፡10፣ ፍሪቡርግን አልፈን

የባቡሩ ማስታወቂያ ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ዞሯል። ጋሽ መስፍንም ወደ ትምህርቱ ዞሩ።

"ስሚ ልጄ፣ ያኔ ሳተላይት እንደ ልብ አይገኝም። ፊኛ የማይደርስበትን አየር የምታጠኚው በዚህ ነው። ሽቅብ ይወጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይለካል፣ ይወድቃል። በቃ።"

"ለጥቂት ደቂቃ ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?"

"ያንቺስ ፈተና ስንት ደቂቃ ነው?"

ማስታወሻዬን ገለጥኩ።

አፍንጫው ጎን ላይ ያለችውን ቀይ ፒን አሳዩኝ። ሰማይ ሲደርስ ፒኗ ትለቃለች፣ ስፕሪንጉ ክዳኑን ይገፋል፣ የሶዲየም ትነት ይበተናል። መሬት ያሉት ደመናውን ፎቶ እያነሱ ወዴት እንደተነዳ ያያሉ። የላይኛው ነፋስ የሚለካው እንዲህ ነው።

"ስፕሪንጉን በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ይሠራል። ደግሞ ውስጡ..."

"ጋሼ፣ በቃኝ፣ ላጥናበት።"

"አይ፣ ውስጡ እኮ..."

"ጋሼ፣ እባክዎ።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

9፡00፣ ኦርሊኮን

ዳይሬክተሯ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች ሴትዮ ነች። ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሮኬቱን አፍንጫ ከነጠላው ፈትቼ ጀመርኩ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። በቃ፣ ካልነገርኩ ላሳይ ብዬ ፒኗን ያዝኩ።

ጋሽ መስፍን ብድግ አሉ። "ልጄ፣ እሱን ተይው..."

"አንዴ ጋሼ።" ሳብኳት።

ክዳኑ ጧ ብሎ ጣሪያውን መታ። ከኋላው ነጣ ያለ ዱቄት ቡን ብሎ ክፍሉን ሞላው። በሶ መሆኑን ያወቅኩት በአፌ ነው።

"ባዶ እጄን እንዴት ሰው ዘንድ እገባለሁ?" አሉ ጋሽ መስፍን ከደመናው ውስጥ። "ኪሎ በሶ ነው። ልነግርሽ ስል መች አስወራሽኝ?"

ሥራው እዚያው ሞተ ብዬ ነበር። ግን ደመናው ቀስ እያለ ወደ ተከፈተው መስኮት መሄድ ጀመረ። እጄ ራሱ ተነስቶ ጠቆመ።

"ያውልዎት" አልኩ በጀርመንኛ፣ "ነፋሱ ወደ መስኮቱ ነው። ሰማይ ላይም የሚያውቁት እንዲህ ነበር።" ከዚያ የጠፋኝ ሁሉ ተከታትሎ መጣ።

ዳይሬክተሯ እስከ ቅንድቧ ነጥታለች። ከንፈሯን ቀመሰች።

"ይሄም ሶዲየም ነው?"

"አይ፣ ገብስ ነው።"

"ካንቺ በፊት የመጡት ስላይድ ነበር ያሳዩኝ" አለች። "ሰኞ ጀምሪ። አሁን ግን ይሄን ጥረጊ።"

12፡30፣ ወደ ጄኔቭ

አፍንጫውን ለሙዚየሙ ትተንላቸው ወጣን። ጋሽ መስፍን መስቀያ ያጣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም በሶ አለ።

"ሰኞስ ምን ይዘሽ ልትገቢ ነው?" አሉኝ።

"መጥረጊያ" አልኳቸው።