ከግቢው የሚሰማው ሞተር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከምጠግንባት ዳስ ነው የጸጥታ ሰዎች የወሰዱኝ፤ እጄ በግራሶ እንደተለወሰ። «የስደተኞች ስብሰባ ላይ ተናግረሃል» አሉኝ። ተናግሬ ነበር።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ናት። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል መቀመጫ ይጠፋል። አንድ ሰው ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁ፤ እንደኔው የመተማ ቆላ ሰው፣ እዚያው ሱዳን ዶካ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ የነበረ። በዕድሜ ያንሰኛልና ጋሼ ይለኝ ነበር። ውሃውን ያካፍለኛል፤ ወደድኩት። መውደዴ የቆየው ግን ሞተሩ እስኪመጣ ነው።

የእስር ቤቱ አዛዥ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነበረው። አንድ ጠዋት በሩን አስከፍቶ በዓረብኛ፣ «ሞተር የሚያውቅ አለ?» አለ። እኔ ቃል ስፈልግ የዶካው ሰው ተነሥቶ ቆሟል። የሱ ዓረብኛ ይፈሳል፣ የኔ ይንተባተባል። «እኔም መካኒክ ነኝ» ስል በሩ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይወጣል። ሲመለስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሻይ እንዳጠጡት፣ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ንፋስ እንዳለ ያወራኛል። በቅንነት ነበር የሚያወራው፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ምርመራው እንኳ እንዲያ አላንገበገበኝም። የኔን ሽታ ሌላ ሰው ለብሶት ይገባል።

ደግሞም አይችልበትም። ሞተሩ ይነሣል፤ ጋዙን ሲለቀው ያስልና ይጠፋል። ካርቡሬተሩ ላይ ፍጥነት የሚጨምረውን ብሎን ብቻ እያዞረ እንደሆነ ከድምፁ አውቃለሁ። ያኔ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይረጋም። ነፋሱንና ቤንዚኑን የምትመጥነውን ትንሿን ብሎን አልነካትም። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ነገ ካልተስተካከለ አዛዡ ዋሽተኸኛል ብሎ ለመርማሪዎቹ ሊመልሰኝ ነው። እርስዎ ያውቁበታል፤ ምን ላድርግ?»

እሱ ከተመለሰ ለሞተሩ የምጠራው እኔ ነኝ። ይህንን አስቤ ጀርባውን አየሁ፤ መርማሪዎቹ የተዉበት ቁስል ገና አልሻረም።

«ትራክተር መሰለህ?» አልኩት። «መጀመሪያ ሞተሩን አሙቀው። ትንሿን ብሎን በቀስታ እስክትቆም አጥብቃት፤ አታስጨንቃት። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያህል መልሳት። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጥቂት እያልክ ድምፁን ስማ።»

«ድምፁን አልለየውማ።»

«እኔ እሰማልሃለሁ። ሲደርስ በሩን እመታለሁ።»

በማግስቱ ጆሮዬን ከብረት በሩ ለጠፍኩ። ሞተሩ ሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ድምፁ እየጠራ ወጣ። ሰውዬው ልኩን አለፈውና ድምፁ እንደገና ደነዘዘ። ቀስ ብሎ መለሰው። በጠራበት ላይ በሩን መታሁት። ፍጥነቱንም ዝቅ አደረገው፤ ሞተሩ ማንም ጋዝ ሳይሰጠው ዱክ ዱክ እያለ ቆየ። በዚያ ግቢ እንዲያ ያለ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ተማም፣ እጅህ ይባረክ» ሲል አዛዡን ሰማሁት። ለኔ አልነበረም። ጥርሴን ነከስኩ።

የዶካው ሰው ግን፣ «ጀናቡ፣ ጌታዬ፣ እኔ አይደለሁም። ያ በሩን የመታው ነው ያስተካከለው» አለ።

አወጡኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው። አዛዡ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ከነገ ጀምሮ አንተ ትወጣለህ። ሌሎች ሞተሮችም አሉን። እሱ ውስጥ ይቀመጥ።»

የተመኘሁት ይኸው ነበር። የዶካው ሰው ካቻቢቴውን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት ያያል።

በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ «ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል» አልኩ። «አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይሰማል። ያለ እሱ አልሠራም።»

ውሸት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ሠርቼዋለሁ። አዛዡ እኔንና እሱን አፈራርቆ አየ።

«ኻላስ፣ በቃ ሁለታችሁም» አለ።

ከጊዜ በኋላ እሱ ቀድሞኝ ተፈታ። አቅፌ ሸኘሁት፤ በሩ ሲዘጋ ግን ያ ቅናት እንደገና መጣብኝ፤ ያን ቀን ምግብ አልበላሁም።

እኔም ተፈትቼ ዛሬ መተማ ላይ ባጃጅ እጠግናለሁ። ወዲያ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከሱዳን የሚሻገር ሾፌር ባገኘሁ ቁጥር ስለሱ እጠይቃለሁ። በቅርቡ አንዱ፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት መንገድ ላይ የሞተር መጠገኛ ከፍቶ እንዳየው ነገረኝ። በሕይወት በመኖሩ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ትንሽ ቆየሁና፣ «ደንበኛ ይበዛለታል?» ብዬ ጠየቅሁት።