ያልፈላው ውሃ

መጀመሪያ የባሚያ ግንድ ይቀጠቅጣሉ። ልጋጉን በርሜል ውሃ ውስጥ አሽተው የቀይ ማሽላ ብቅል ዱቄት ይጨምሩበትና በረጅም እንጨት ያማስላሉ። ዱቄቱ እስኪዘቅጥ ይታገሣሉ። ከላይ የቀረውን ውሃ በቅል እየጨለፉ ወደ እንስራ ያዞሩታል፤ እሳት አያስነኩትም። የዘቀጠውን ድፍድፍ ብቻ ጥደው እንደ ገንፎ ያፈሉታል። ከእሳት ካወረዱት በኋላ ጣታቸውን ይነክራሉ። «አንድ» ብለው «ሁለት» ሳይሉ ጣታቸውን ካወጡ ልክ ነው፤ «አንድ» እንኳ ካላስባላቸው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ያልፈላውን ውሃ ይመልሱበታል። ገንፎው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀጥኖ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ተጠልሎ፣ እንደገና ፈልቶ፣ እርሾ ይገባበታል።

ማማ ስኮላስቲክ ሶምዳ በዲዬቡጉ ከተማ ገበያ ጀርባ ሠላሳ ዓመት ዶሎ የሚባለውን ይህን የማሽላ ጠላ ጠምቀዋል። ትምህርታቸው ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይህን ጉድለት የሚያሟላላቸው የወንድማቸው ልጅ ፕላሲድ ነው፤ ከቦቦ ከተማ ዲግሪ ይዞ መጥቶ እሳቸው ቤት እያደረ ባዮሎጂ ያስተምራል።

ባለፈው ጥር የአማታቸው የሐዘን መዝጊያ ደረሰ። እኛ ዘንድ ለሟች የሚፈሰውን ዶሎ የምትጠምቀው ምራት ናት። ዶሎው ከከሸፈ «ብቅሉ ነው» የሚል የለም፤ «አሮጊቷ አልተቀበለቻትም» ይባላል። ማማ ስኮላስቲክና አማታቸው ሃያ ሁለት ዓመት ተኳርፈው ስለኖሩ፣ የባላቸውን እህቶች ከዶሎው ይልቅ የጠማቸው ይህ ወሬ ነበር።

የሐዘን መዝጊያው ቀን ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ጠዋት ውሃው ተቀድቶ፣ ድፍድፉ ተጥዶ ሳለ የባላቸው ወንድም ስለሚታረዱት ፍየሎች ሊማከር ማማን አስጠራቸው። ፕላሲድን «እሳቱን እይልኝ» ብለውት ሄዱ።

እሳት ማየት ለዲግሪ ያንሳል። ፕላሲድ ያየው እንስራውን ነው፦ የደፈረሰ፣ አረፋ ያቆረ፣ ያልፈላ ውሃ። ለሐዘንተኛው ሁሉ አዘነ። ውሃውን ጥዶ ሃያ ደቂቃ አንተከተከው፤ መቶ መሙላቱንም በቴርሞሜትር አረጋገጠ። ሥራ በጥንቃቄ ነው።

ማማ ተመልሰው፣ ፕላሲድ ውሃውን አፍልቶና አብርዶ ወደ እንስራው እንደመለሰው ሳያውቁ፣ ድፍድፉ ላይ ገለበጡት። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ገንፎው ገንፎ ነው። ቀመሱት፤ ጣዕሙ የልጥፍ ወረቀት ሙጫ።

«ምን አደረግህበት?»

«ምንም። እንዲያውም አጸዳሁት። ያ ውሃ እኮ አልፈላም ነበር አክስቴ፤ ጀርም ብቻ ነው።»

«አፈላኸው?»

«ሃያ ደቂቃ።»

ማማ ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። «በል እንግዲህ፣ እንቁላል ቀቅለህ ጫጩት አስፈልፍል።»

«ብቅሉ አርጅቶ ይሆናል።»

«ያረጀሁትስ እኔ ነኝ። ሰኞ ሌሊቱን ሙሉ መቀስ፣ መቀስ እያልክ ስታጠና ያነቃኸኝ ለምንድነው?»

 መቀሱ ፕላሲድ በዚያው ሳምንት ያስተማረው ትምህርት ነበር። ስታርች በክር እንደተሰካ የስኳር ዶቃ ነው። እህሉ ሲበቅል ክሩን የሚበጥስ መቀስ ያበጃል፤ ኢንዛይም ይሉታል። አንዱን ቆርጦ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ራሱ አያልቅም። ግን መቀሱ ተጣጥፎ ቅርጽ የያዘ ፕሮቲን ነው፤ ከፈላ ቅርጹ ይፈርሳል፣ ከዶቃው ጋር አይገጥምም። ውሃ ስለሚያሟሟውም አብዛኛው ያለው ከላይ በሚቀዳው ውሃ ውስጥ ነው። ፕላሲድ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ በፈተናም አራት ነጥብ ሰጥቶበታል። አክስቱ ግቢ ውስጥም ኢንዛይም ሊኖር እንደሚችል ግን መጽሐፉ አልነገረውም።

«ኢንዛይሙን ገደልኩት» አለ በመጨረሻ።

«ስሙን ማወቅህ ጥሩ ነው። ለቀብሩ ይመቸናል።»

ማማ ለሚቀጥለው ገበያ ያስቀመጡት ብቅል ነበራቸው። አዲስ ውሃ አማስለው፣ አዝቅጠው ቀዱ። ገንፎውን መልሰው አሞቁት፣ አወረዱት፣ ጣታቸውን ነከሩ። ፕላሲድም ቴርሞሜትሩን ነከረ።

«አንድ» ብለው አወጡ።

«ስልሳ ስምንት» አለ እሱ።

«ተስማምተናል። ገልብጥ፤ ምድጃው ጋ ግን እንዳትደርስ።»

ሲመሻሽ ገንፎው ቀጠነ፤ ጣፈጠም። ቅዳሜ ዶሎው ለሟቿ ፈሰሰ፤ የተረፈውን ሕያዋን ጨረሱት። ታላቂቱ የባል እህት ሦስተኛ ቅሏን ጭልጥ አድርጋ «ትንሽ ቀጥኗል» አለች። ከዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው ማማ ስኮላስቲክ ለአንባቢ መልእክት ላኩ። «ግቢዬ የምትመጡ ሰዎች፣ እንስራዬ ከቆሸሸባችሁ ከማጽዳታችሁ በፊት ጠይቁኝ፤ ሰው አልበላም። ቴርሞሜትር የያዘ ካለ ደግሞ ትቶልኝ ይሂድ፤ ለፕላሲድ እንዳትነግሩት እንጂ ይህ ጣት ከደነዘዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»